አልከፈት ያለው መጽሐፍ

መምህር አብዱልሐሊም መርሳ በሚገኘው ቤታቸው የድንጋይ ደረጃ ላይ በጀርባቸው ወድቀው፣ ሕይወታቸው አልፎ ተገኙ። እግራቸው ወደ በሩ፣ ጭንቅላታቸው ወደ ግቢው ነበር። ከወልድያ የተጠራችው ኢንስፔክተር ጽጌ አጎንብሳ በጥንቃቄ አየቻቸው።

«አዳልጧቸው ነው» አለ ታናሽ ወንድማቸው ሚስባህ።

«ሲወርዱ ቢሆን ኖሮ ጭንቅላታቸው ወደ ላይ ይሆን ነበር። ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው፣ ከቤት የሚወጣ ሰው መንገድ ዘግተው ነበር የቆሙት።»

ቤቱን የሚያዘወትሩት ሦስት ሰዎች ነበሩ፦ ሚስባህ፣ ልጃቸው ናጅዋና የሠላሳ ዓመት ባልደረባቸው መምህር ሰለሞን። ሚስባህ ትናንት እስከ ማታ ውርጌሳ ሱቁ ውስጥ ነበር፤ ናጅዋም ሲሪንቃ ሥራ ላይ። ሁለቱንም ያዩአቸው ሰዎች አሉ።

ናጅዋ እንባዋን በሻርፗ እየጠረገች ተናገረች።

«አባቴ ሟች እናቴ ከድጃ የምታውቃቸውን የሐብሩ ወረዳ የሠርግ ዘፈኖች በደብተር ሲጽፉ ስድስት ዓመታቸው። ዓይናቸው ስለደከመ ጋሼ ሰለሞን ነበሩ ደብተሩን ወስደው በኮምፒውተር የሚጽፉላቸው። ባለፈው ሳምንት አሥራ ሁለቱን ምዕራፎች በፍላሽ አመጡላቸው። አንዱም አልከፈት አለ። ‹ከድጃ ዳግም ሞተችብኝ› ብለው አለቀሱ። ትናንት ፍላሹን ይዘው ወልድያ ሄዱ፤ ስልካቸውን እንኳ ረስተው።»

ሰለሞን ብቻውን ቤቱ እንደዋለ ተናገረ። «ካየሁት ሳምንቴ ነው።»

«ፋይሎቹ አልከፈት ብለዋቸው ነበር አሉ» አለች ጽጌ።

«አዎን። ያን ያህል የደከመበት መጽሐፍ ፎቶ ሆኖ ሲያገኘው ልቡ ተሰብሮ ይሆናል የወደቀው።»

ጽጌ የሟቹ ኮምፒውተር ላይ እንደተሰካ የቀረውን ፍላሽ በሌላ ፕሮግራም ሞከረችው፤ እምቢ አለ። የፋይሎቹን መጠን ስታይ ግን እጇ ቆመ። አጭሩም ረጅሙም ምዕራፍ እኩል ነበር። አንድ ፋይል አሥራ ሁለት ስም ተሰጥቶታል። ከስሙ መጨረሻ ያለውን፣ የፋይሉን ዓይነት የሚለየውን ቅጥያ ወደ ፎቶ ለውጣ ከፈተችው። ሁለት ወጣት መምህራን ተቃቅፈው ይስቃሉ፤ አብዱልሐሊምና ሰለሞን።

ሟቹ ኪስ ውስጥ ባገኘችው ካርድ ወልድያ ለሚገኘው የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ ለይታገሱ ደወለችለት።

«ትናንት ሰባት ሰዓት ላይ እኔ ነኝ ፎቶ መሆኑን ያሳየኋቸው» አላት። «ብቻቸውን ነበሩ። ሲያዩት እንባቸው መጣ።»

ከቀብር መልስ ሦስቱ ሳሎን ተቀመጡ።

«ፋይሉ አልተበላሸም» አለች ጽጌ። «መጽሐፍ እንዲመስል ተደርጎ የተሰጠ ፎቶ ነው። ይህን ወልድያ ላይ ያወቁት መምህሩና ባለሙያው ብቻ ናቸው። ስልክ አልያዙም። ስለዚህ ፎቶ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ወይ ራሱ ሠርቶታል፣ ወይ ከወልድያ ሲመለሱ አግኝቷቸዋል። እኔ ለማንም ‹ፎቶ› አላልኩም። እርስዎ አሉ፣ መምህር ሰለሞን።»

የሰለሞን ትከሻ ወረደ።

«መጽሐፉን በስሜ ለአሳታሚ ልኬው ነበር። ጊዜ እንድገዛ ብዬ ነው ፎቶውን የሰጠሁት። ትናንት ስመጣ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ‹ይህ መጽሐፍ ሳይሆን ፎቶ ነው› አለኝ። ልወጣ ስል ደረጃው ላይ ቆሞ ‹ደብተሬን ሳትመልስ አትሄድም› አለኝ። ገፋሁት። ልገድለው አልነበረም… እንደ ወንድሜ ነበር።»

«እርስዎ አያውቁም እንጂ» አለች ናጅዋ፣ «አባቴ ሽፋኑን አሠርተው ነበር። ከስማቸው ጎን የእርስዎን ስም አስጽፈው። በድንገት ሊያስደስቱዎት ነበር።»

ሰለሞን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

በማግስቱ እውነተኛው ፋይል ከሰለሞን ኮምፒውተር ተገኘ። ናጅዋ የመጀመሪያውን ዘፈን ማንበብ ጀመረች፤ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ድምጿ ተቆረጠ። ሚስባህ እያለቀሰ ቀጣዩን ስንኝ ተቀበላት።