ያረፈደችው እጮኛ

መጀመሪያ የተያዩት በበር ስንጥቅ ነው። እሱ የመዘምራኑ መሪ ነው፤ ሰዓት ሲሞላ የመለማመጃውን ክፍል ይቆልፋል። እሷ አዲሷ ዘማሪ፣ ከሆስፒታል እየሮጠች መጥታ እግሯን በበሩ መሃል አስገባች።

«እህቴ፣ ሰዓት አልፏል!»

«እግሬ ገብቷል እኮ ወንድሜ። የቀረሁት እኔ ነኝ።»

ሳቀ። ከፈተላት። በዓመቱ ተጫጩ።

ነርስ ናት። ማርፈዷ ግን አልቀረም። መሪው ደግሞ መልአክ ቢያረፍድ የሚቆጣ ሰው ነው። ባለፈው ቅዳሜ፣ ስለ ፍቅር የደረሰውን አዲስ መዝሙር አስጠንቶ ሊጨርስ ሲል ደረሰች... የሥራ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር። ሃያ ሰው ፊት ደሙ ፈላ።

«ለእግዚአብሔር ሰዓት የሌላት ሴት ለእኔም አትሆነኝም!»

ቀለበቷን አውልቃ ኦርጋኑ ላይ አስቀመጠችና ወጣች።

ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ አለው። ይቀመጣል፣ ይነሳል። ስልኩን ያነሳል፣ መልሶ ያስቀምጣል። «ጥፋቱ የእሷ ነው» ይላል፤ ራሱም አያምነውም። ረቡዕ ዕለት ከመዘምራኑ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት እናት እሱ ቤት ድረስ መጡ።

«ለምን እንዳረፈደች ጠየቅሃት?»

«አልጠየቅኋትም።»

«ሆስፒታል ተኝተው ጠያቂ የሌላቸው አንድ ሽማግሌ አሉ። ከእሷ እጅ በቀር አይቀምሱም። ሥራዋን ከጨረሰች በኋላ እሳቸውን አብልታ ነው የምትመጣው። አንተ ስለ ፍቅር ግጥም ስትገጥም እሷ ሰው ታጎርስ ነበር! ልጄ፣ ፍቅር ከሌለን ጌታ መዝሙራችንን ምን ያደርግለታል?»

የጫማውን ክር ሳያስር ወደ ሆስፒታሉ ሮጠ። ከክፍሉ መጨረሻ፣ በሽማግሌው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሾርባ በማንኪያ ትሰጣቸዋለች።

«ይቅር በይኝ...»

«ያዋረድከኝ እኮ ሃያ ሰው ፊት ነው።»

«ቅዳሜ በሃያውም ሰው ፊት ይቅር በይኝ እላለሁ። አሁን ግን... ልቤ አላስቀምጥ ብሎኝ ነው።»

ሽማግሌውን አንድ ማንኪያ አጎረሰቻቸው። ከዚያ ሌላ። እምቢ ብትለው ወዴት ይሄዳል? በመጨረሻ ማንኪያውን አቀበለችው።

«ቀስ ብለህ። እስኪውጡ ጠብቃቸው።»

ያ ደቂቃ ቆጣሪ ሰው፣ ማንኪያውን ይዞ ጠበቀ። ግማሹን ትራሱ ላይ አፈሰሰው። ሽማግሌው የቀረውን ውጠው ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ይሄ ደግሞ ማነው ልጄ?»

መሪው ወደ እሷ ዞረ።

«እጮኛዬ ነው አባባ» አለች፣ አንገታቸውን በፎጣ እየጠረገች። «ገና እየለመደ ነው... ይታገሡት።»