ያልተዘረጋ እጅ

ዶክተር ወልደኢየሱስ አራዳ ውስጥ በተከራየው የንባብ ክፍል ወለል ላይ ተንጋሎ ተገኘ። የሥነ ምግባር ፍልስፍና መምህር ነበር። ሐኪሙ «አስሙ ነው ያፈነው» ብሎ ጓንቱን አወለቀ፤ ለእሱ ነገሩ አልቋል። ኢንስፔክተር ምሥራቅ ግን ጎንበስ እንዳለች ቆየች። የሟቹ ዓይኖች ተከድነዋል፤ አውራ ጣቶቹም በክር ታስረዋል። የሚነፋው የአስም መድኃኒት ከእንግዳው ወንበር ፊት፣ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሏል። ብቻውን የሞተ ሰው ደግሞ ራሱን አይገንዝም።

«አያ አንዳርጋቸው፣ ነክተውታል?» አለችው ዘበኛውን።

«እኔ? ጧት በሩን ስከፍት አየሁት፤ ጮኼ ወጣሁ። ምን ብዬ እነካዋለሁ!»

እህቱ ወለተሩፋኤል የአንድ ሰዓት መንገድ ተጉዛ ከእንፍራንዝ የደረሰችው ከፖሊስ በኋላ ነው። «ከቀድሞ ተማሪው ከሰውአገኝ ጋር በአንድ ጽሑፍ ተቀያይመው ነበር» አለች።

«በጽሑፍ ተቀያይሞ ሰው ይሞታል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ‹ለልጁ ጊዜ ልስጠው› ብሎኝ ነበር።»

ሰውአገኝ ከተማሪነት አልፎ የሟቹ የሥራ ባልደረባ ሆኖ ነበር። «ትናንት ዐሥር ሰዓት ላይ ደህና ትቼው ወጣሁ» አለ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

«ከዩኒቨርሲቲ በፊት የት ተማሩ?»

«መካነ ብርሃን፣ የአብነት ትምህርት ቤት። ዲያቆን ነበርኩ። ምነው?»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ሬሳ ከደረቀ በኋላ እጁ አይታዘዝም» ብላ ጀመረች። «ስለዚህ ጣቶቹ የታሰሩት ትናንት፣ ገና እንደሞተ ነው። አያ አንዳርጋቸው ትናንት ተረኛ አልነበሩም። እህቱም እንፍራንዝ ነበሩ። ያሰረው ግንዘት የሚያውቅ፣ ሲሞትም አጠገቡ የነበረ ሰው ነው። ሰውአገኝ፣ ዲያቆን የነበሩት እርስዎ ነዎት፤ ደህና ትተውት አልወጡም።»

ሰውአገኝ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ። «በሕይወት እያለ አልነካሁትም! መድኃኒቱን ‹አቀብለኝ› አለኝ፤ ዝም ብዬ ቆምኩ። ይኸው ነው። ዝም ማለት መግደል አይደለም!»

ምሥራቅ አንድ መጽሔት ገለጠች። «በስምዎ የታተመውን ላንብብልዎ፦ ‹ማዳን እየቻለ እጁን የሰበሰበ ገድሏል።› ይህን ጽፈው ነው እንዲህ የሚሉት?»

«እኔ አልጻፍኩትም!» ሰውአገኝ መጽሔቱን ገፋው። «የእሱ ነው። ሰርቄ በስሜ አሳተምኩት። ትናንት ‹አላጋልጥህም፤ አንተው ራስህ ተናገር› አለኝ። ወዲያው አስሙ ተነሣበት። ከሞተ ማንም አያውቅብኝም ብዬ አሰብኩ።»

ወለተሩፋኤል ነጠላዋን ከአፏ ላይ አነሣች። «ታዲያ ዓይኑን ምነው ከደንክለት? አዘንክለት?»

«አይደለም፣ እትዬ። እያየኝ ነበር» አላት። «ገድዬዋለሁ።»