አርባ አንድ ላይ የቆመው

ደሞዝ በኮምፒውተር ማሠልጠኛው ሰርቨር ክፍል ወለል ላይ ተደፍቷል። የኔትወርክ ኬብል አንገቱ ላይ ሦስት ዙር ተጠምጥሟል፤ ግንባሩ ከብረት ጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ደጋግሞ ተጋጭቶ ተፈርክሷል። ገዳዩ ማነቁ ብቻ አልበቃውም፣ ጨካኝ!

በ1999 ዓ.ም. የሰቆጣ ኢንተርኔት በስልክ መስመር የሚንፏቀቅ ነበር። ስለዚህ ደሞዝ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓትና ፕሮግራሞቹን ከባሕር ዳር በሲዲ አምጥቶ በሰርቨር ክፍሉ ባለ ትልቅ ኮምፒውተር ላይ አከማቸ፤ የማሠልጠኛው ሌሎች ኮምፒውተሮች በኬብል ከዚያ እየወሰዱ ይጭናሉ። በዚያ ጠዋትም አራት ሰዓት ላይ ሦስት አሠልጣኞች በየክፍላቸው እየጫኑ ነበር።

ሬሳውን ያገኘችው አንዷ አሠልጣኝ ሪሃና ናት። እጇን ደም ስለነካው፣ ትናንትም ከሟቹ ጋር ስለተጨቃጨቀች፣ ፖሊሶቹ ክፍሎቹን አሽገው እሷን በካቴና አሰሯት። አባቷ ሸምሱ ሱቁን እንኳ ሳይዘጋ ሮጦ መጥቶ በር ላይ ያለቅሳል።

ኢንስፔክተር ዓለምብርሃን ስለ ኮምፒውተር ብዙም አያውቅም፤ ሰው ግን ያውቃል።

«ለምን ገባሽ?» አላት።

«ቆመብኝ ጌታዬ! መጫኑ መሃል ላይ ቀጥ አለ። ብጣራ ደሞዝ ዝም አለኝ። ልጠይቀው ገባሁ... ወይኔ፣ ላነሳው ሞከርኩ እኮ!»

ሁለተኛዋ አሠልጣኝ ደጅይጥኑም «ለእኔም ቆመብኝ» አለች።

ሦስተኛው ፋንታሁን፣ የሟቹ እህት ባል ነው። «እኔ ጋ ምንም አልቆመም። ጭኜ ጨርሼ፣ የሪሃናን ጩኸት ስሰማ ወጣሁ።»

ዓለምብርሃን ወደ ሬሳው ተመለሰ። የትልቁ ኮምፒውተር ኬብል እንደተሰካ ነው። አንገቱ ላይ ያለው ኬብል የተነቀለው ጥግ ላይ ካለው አቧራ የጠገበ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። በሟቹ ደረት ኪስ ውስጥ ሊለጥፈው የጻፈው ወረቀት ተገኘ፤ «ትልቁ ስለተበላሸ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ፕሮግራም የሚወሰደው ከአሮጌው ነው። አትንኩት።»

ሁሉንም በፋንታሁን ክፍል ሰበሰባቸው። የሟቹ እህት ጥሩሐረግም መጣች፤ አንድ ዓይኗ በቡጢ አብጧል።

«ገዳዩ ትልቁን ቢነቅል ሁሉም እንደሚቆምና ሰው እንደሚመጣ ያውቃል» አለ ዓለምብርሃን። «ስለዚህ ለማነቂያ ማንም የማይጠቀምበት የመሰለውን የአሮጌውን ኬብል ነቀለ። ያኔ ሁሉም ቆመ። ጓሮ ሄዶ እጁን ሲታጠብ ጩኸት ሰማ፤ ወደ ክፍሉ ሳይመለስ ከዚያው መጣ። ስክሪኑን ሳያይ ጨረስኩ አለኝ። እስቲ እዩት!»

ስክሪኑ አርባ አንድ በመቶ ይላል።

«ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ነው!» አለ ፋንታሁን።

«ሰካው!» ብሎ ዓለምብርሃን ወደ ሰርቨር ክፍሉ ተጣራ። እዚያ ያለው ፖሊስ አሮጌው ላይ ሌላ ኬብል ሰካ። ሁሉም ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። አርባ ሁለት። አርባ ሦስት።

ፋንታሁን ወንበር አንስቶ ወደ ጥሩሐረግ ወረወረ፤ ግድግዳው ላይ ተሰባበረ። ሁለት ፖሊሶች ጥለው ተጫኑት። «ሚስቴን ከለከለኝ!» እያለ ጮኸ። «ሽማግሌ ብልክ ‹የምትደበድባትን እህቴን አልመልስም› ብሎ አዋረደኝ!»

ዓለምብርሃን ካቴናውን ከሪሃና እጅ ፈትቶ እሱ ላይ ቆለፈው። ሸምሱ ልጁን አቅፎ ወጣ።

ጥሩሐረግ ባሏ አጠገብ ተንበረከከች።

«ዛሬ ልመለስልህ ነበር እኮ» አለችው። «ወንድሜን እንዳትነካብኝ ብዬ። ጓዜን ጠቅልዬ ወንድሜ ቤት በር ላይ አስቀምጫለሁ።»