ሙዝ ሙዝ የሚሸት ጥቁር ቢራ

ከግድግዳው ወዲያ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ሰናይት ሰምታ ነበር። ጊዜው ስለራቀ ግማሹ ከጆሮዋ ጠፍቷል። ያኔም ቢሆን የብቅል መፍጫው ይጮህ ስለነበር አጥርታ አልሰማችም።

«የሚከፈተው የሠርጋችን ቀን ነው፤ እስከዚያ ማንም በርሜሉን እንዳይነካብኝ» ያለው እጮኛዋ ደግነት ነው። በዚህ ትምላለች።

«እስከዚያ ብትሞትስ?» ብሎ የቀለደው ደግሞ ጓደኛው አለምሰገድ ነው። በዚህም አትጠራጠርም።

ከዚያ ደግነት ሳቀና አንድ ነገር መለሰ። ያንን መልስ መፍጫው በላው።

ደግነት በርሜሉን ሳይከፍት ሞተ። ሠርጉ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ እናቱን ጠይቆ ሙዝ ከሚበቅልባት ከላንቴ ሲመለስ፣ ሞተር ብስክሌቱ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጨ። ነፍሱን ይማረው።

ሦስቱም የሚሠሩት አርባ ምንጭ፣ ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ፣ ሐይቆቹን ቁልቁል ከሚያየው የእንግዳ ማረፊያ ነበር። ወንዶቹ ቢራ ይጠምቃሉ፤ ከደብረ ብርሃን ለትምህርት መጥታ እዚያው የቀረችው ሰናይት ትቀምሳለች። እሷ «ይለፍ» ካላለች አንድ ብርጭቆ ለእንግዳ አይቀርብም፤ «ይደፋ» ካለችም ይደፋል።

በርሜሉ ውስጥ ያለው ጥቁር ቢራ የደግነት ምኞት ነበር። እስኪጠቁር ከተቆላ ብቅል የሚጠመቅ፣ ቡና የሚገባበት፣ ፈረንጆቹ ኢምፔሪያል ስታውት የሚሉት ብርቱ ቢራ ነው። ቡናውን ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ፣ ከነጋዴው ከጋሽ ጀይሉ ይገዛ ነበር። ጋሽ ጀይሉ ለምን እንደሚፈለግ ሲሰሙ «የኔን ቡና ልታሰክሩት ነው?» ብለው ይቆጡና፣ ተቆጥተው ሲያበቁ ከደህናው መርጠው ይሰፍሩለታል።

ከሞተ ወዲህ በርሜሉን የነካው አልነበረም። የማረፊያው ባለቤት ወይዘሮ አይዳ ዓመት ሙሉ ታገሡ። አለምሰገድም ታገሠ፤ የእሱ ትዕግሥት ግን ሌላ ነበር። በቅርቡ አንድ ቀን ሰናይትን ቁጭ አድርጎ እንደሚወዳት፣ ብትፈቅድ ሊያገባት እንደሚፈልግ ነገራት። እሺም እንቢም አላለችም። በርሜሉ ሲከፈት መልሱን እነግርሃለሁ አለችው። ለምን እንዲህ እንዳለች ራሷም አታውቅም። ከዚያ በርሜል ውስጥ አንድ ሰው ፈቃድ የሚሰጣት መስሏት ይሆናል።

ወይዘሮ አይዳ አሁንስ ይከፈት አሉ፤ በርሜሉ የተከፈተው ከቀትር በኋላ ነው። እንደ ሥራቸው ደንብ ሰናይትና አለምሰገድ ከጠዋት ጀምሮ የሚያቃጥለውን ዳጣ አልቀመሱም፤ ሽቶም አልተቀቡም። ደንቡ ሌላም አለው፤ ሁለቱም ቀምሰው ብርጭቆ ሳያስቀምጡ ማንም አይናገርም።

አለምሰገድ ቀዳ። አረፋው የተቆላ ቡና መልክ ነበረው። ከሥሩ ያለው ጥቁረት ደግሞ፣ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብታነሣውም፣ ብርሃን አላሳለፈም።

አሸተተች። መጀመሪያ የመጣው አሁን የተፈጨ ቡና ነው። ቀጥሎ ያረረ ስኳር። ቀመሰች። ወፍራም ነው፤ ምላስ ላይ ይተኛል፣ አይቸኩልም። ምሬቱ የተቆላ የቡና ፍሬ በጥርስ ሲሰበር ያለው ምሬት ነው፤ ቆይቶ ወደ ጥቁር ቸኮላት ይለዝባል። ከዋጠችው በኋላ፣ አለቀ ስትል፣ ሙቀቱ ቀስ ብሎ ደረቷ ላይ ወረደ።

ከዚያ፣ ከሁሉም ኋላ፣ የበሰለ ሙዝ መጣ።

ደግማ አሸተተች። የደግነት ሸሚዞች እንዲህ ነበር የሚሸቱት። ላንቴ እናቱ ቤት ሲያድር የሚተኛው፣ ያልበሰለ ሙዝ በኮባ ተሸፍኖ እስኪበስል ከሚቀመጥበት ክፍል ነበር። ከኋላዋ የቆመ መሰላት። ዞራ እንዳታይ አንገቷን አጸናች።

ምክንያቱን አጥታው አይደለም። እርሾ ሙቀት ሲበዛበት ሙዝ ሙዝ የሚል ሽታ ያመጣል፤ አርባ ምንጭ ደግሞ ሙቀት ሞልቷል። ይህን ተምራዋለች፤ ለደግነትም ነግራዋለች። እሱ ብርጭቆውን እያሸተተ «የታለ?» ብሎ ይስቅባት ነበር። ሙዝ ውስጥ ተወልዶ ያደገ አፍንጫ ሙዝን ከአየር አይለየውም። ቢራው ሲጠመቅም ጉድለቱን ሳያውቅ የተወው ለዚህ ነው። ይህን ሁሉ ታውቃለች። ማወቋ ግን ከኋላዋ የቆመውን አላስኬደላትም።

አለምሰገድ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ሙዝ ሸተተህ?» አለችው።

«አልሸተተኝም።»

«ደህና አድርገህ አሽት፣ በእናትህ።»

ዓይኑን ጨፍኖ ረጅም ጊዜ አሸተተ። «እኔም የላንቴ ልጅ ነኝ እኮ፣ ሰናይት። ቢኖርም አይሸተኝም። ሸተተኝ ብልሽ ደስ እንደሚልሽ አውቃለሁ። ግን አልሸተተኝም።»

ከታች ከሲቀላ የባጃጅ ጥሩንባ ይሰማል። ዓመት ሙሉ የፈራችውን ጥያቄ ያን ጊዜ አወጣችው።

«ያን ቀን፣ ብትሞትስ ስትለው፣ ምን ብሎ መለሰልህ?»

አለምሰገድ ደነገጠ። መስማቷን አያውቅም ነበር። እሷም የምትፈራው መልስ አላት፤ «እሷን አደራ» ብሎኛል ቢላት፣ ቃሉ የሟቹ ይሁን የእሱ የምታውቅበት መንገድ የለም።

«አላስታውስም» አለ በመጨረሻ። «ለቅሶው ላይ ተቀምጬ ላስታውስ ስታገል ነበር። አንዳንዴ ‹ያኔ አንተ ክፈተው› ያለኝ ይመስለኛል። አንዳንዴ ደግሞ ‹አፍህን ዝጋ› ብቻ ያለኝ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ ቀልድ እፈራለሁ።»

ሰናይት ሳታስበው ሳቀች፤ «አፍህን ዝጋ» የደግነት የራሱ ነው። ሳቁ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነ። አለምሰገድ አልነካትም፤ መሐረቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረላት።

እያለቀሰች አየችው። ይህ ሰው የሞተ ጓደኛውን ሽማግሌ አድርጎ ሊልክባት ይችል ነበር። አንድ ቃል ይበቃው ነበር፤ የሚመሰክርበትም አልነበረም። አልላከም።

ወይዘሮ አይዳ በሩ ላይ ብቅ ብለው ይለፍ ወይስ ይደፋ ሲሉ ጠየቁ። ፊቷን አይተው ሊመለሱ ሲሉ «ይለፍ» አለቻቸው። «ሙዝ ሙዝ ይላል፤ ግን ይለፍ።»

እሳቸው ሲሄዱ አለምሰገድ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረ። የደግነት እናት፣ እማማ ዘቢደር፣ እሷን ለጋብቻ መጠየቁን ከሌላ ሰው አፍ መስማት እንደሌለባቸው፣ የምትሰጠው መልስ እሺም ይሁን እንቢ እሳቸው ሳያውቁ ምንም እንደማይጀምር ነገራት። ቅዳሜ ሊሄድ አስቧል። ምን ብሎ አፉን እንደሚከፍት ግን አላወቀም።

ሰናይት ከለቅሶው ወዲህ ያን ቤት ረግጣ አታውቅም። ብርጭቆዋን አንሥታ የቀረውን እስከ መጨረሻው ጠጣች፤ ሙቀቱ እስኪወርድም ጠበቀች።

«አንተ አትነግራቸውም» አለችው። «እኔ ነኝ የምነግራቸው። አንተ ከጎኔ ትቀመጣለህ።»

«ምን ብለሽ?»

«ላገባው ነው ብዬ።»

እንዲህ ሆነና፣ ቅዳሜ ጠዋት ከእሱ ጋር ላንቴ ልትሄድ፣ ለእማማ ዘቢደርም በራሷ አፍ ልትነግራቸው ወሰነች።