ከዊልኪን ኋላ የቆመው

እመኑኝ ብዬ አልለምናችሁም። ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ እኔም ስቄ አልፈው ነበር።

ግን ሆኗል። በዓይኔ ያየሁት ነው።

ደግሞ ጨለማ አልነበረም። አምና ነሐሴ፣ እሁድ ቀን፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ቦታው ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ያለው የከተማችን ቤዝቦል ሜዳ ነው።

ሌላንድ እባላለሁ። ጡረታ የወጣሁ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ባለቤቴ ኮራ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ሞተች።

አላለቀስኩም።

ሰው ሊያጽናናኝ ሲመጣ አመስግኜ እሸኛለሁ፣ በሩን እዘጋለሁ፣ ቴሌቪዥን እከፍታለሁ። የሚታየውን አላየውም። የምበላው ምን ምን እንደሚል አላውቅም። ተኝታችሁበት ያደረ ክንድ ጠዋት እንዴት ነው የሚደነዝዘው? እኔ ሁለመናዬ እንደዚያ ነበር።

እኔና ኮራ በየዓመቱ አንድ ወጣት ተጫዋች ቤታችን እናሳርፍ ነበር። ቡድናችን የታችኛው ሊግ ነው። ልጆቹ ገና አስራ ዘጠኝ፣ ሃያ ዓመታቸው ነው። ትልቁን ሊግ ያልማሉ፣ ማደሪያ ግን የላቸውም። ስለዚህ የከተማው ሰው ያስጠጋቸዋል።

ያን ዓመት የደረሰኝ ዊልኪን ነበር። ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የመጣ ቀጭን፣ ሳቂታ ልጅ። "ዘንድሮ ይቅርብኝ" ማለት ነበረብኝ። ለማለት እንኳ ጉልበት አጣሁ። መጣ።

ያን እሁድ ጠዋት እንቁላሉን አልነካም።

"አባባ..." አለኝ። እንደዚያ ነበር የሚጠራኝ።

"እ?"

"ከኋላዬ የሚቆመው ሰውዬ ማነው?"

"የት?"

"ሜዳ ላይ... አጥሩ ጋ። የኛን ማሊያ ለብሷል።"

"ጥበቃ ይሆናል።"

"ጥበቃ ማሊያ ይለብሳል እንዴ?"

ቡናዬን ቀዳሁ።

"አሰልጣኙን ጠየቅኩት። 'ውሃ በደንብ ጠጣ' አለኝ።" ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም። "ግን አባባ... በየጨዋታው እየተጠጋኝ ነው።"

"ሙቀቱ ነው ልጄ። ብላ።"

አልበላም።

እኔ የምቀመጠው ሁሌም ከቬርና አጠገብ ነው። ቬርና ጎረቤቴ ናት። ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነ ሴትዮ። እሷም በፊት ተጫዋቾች ታሳርፍ ነበር።

"አንተ ዳኛ!" ትጮሃለች። "መነጽርህን ቤት ረሳኸው? ሚስትህ ታምጣልህ?"

ሰው ይስቃል። እሷ ወደ እኔ ዞር ትላለች።

"ሌላንድ፣ ሆት ዶጉን ታቅፈኸው ቀረህ እኮ። ሊፈለፈልልህ ነው?"

ፈገግ ለማለት ሞከርኩ። ፊቴ አልታዘዝ አለኝ።

ከዚያ ወደ ሜዳው አየሁ...

ቤዝቦል ለማታውቁ ልንገራችሁ። ሜዳውን የሚከላከለው ቡድን የሚያሰልፈው ዘጠኝ ሰው ብቻ ነው። ዊልኪን የሚቆመው በግራ በኩል፣ ከሁሉም ርቆ፣ ሰፊው ሣር ላይ ብቻውን ነው።

ብቻውን አልነበረም።

ከኋላው፣ አጥሩ ጋ፣ አንድ ሰው ቆሟል። ነጭ ማሊያ ለብሷል። ኮፍያው ዓይኑ ላይ ወርዷል። ማሊያው ቁጥር የለውም።

የሁሉም ሰው ጥላ እግሩ ስር ነው። ቀትር ነዋ።

የሱ ጥላ ግን እንደ ማታ ጥላ ረዝሟል... እስከ ዊልኪን ተረከዝ ድረስ።

ኳስ ወደዚያ ተመታ። ሣሩን እየሰነጠቀ ሄደና ሰውየው እግር ስር ቀጥ አለ። ግድግዳ የነካ ይመስል።

ዊልኪን ሁለት እርምጃ ሮጦ ቆመ። አልተጠጋም።

"ምን ሆነህ ነው! አንሳው እንጂ!" ሰው ጮኸ።

መሀል የሚጫወተው ልጅ ሮጦ ደረሰ። ጎንበስ ብሎ ኳሱን ከሰውየው እግሮች መሀል አንስቶ ወረወረ። ቀና ብሎ እንኳ አላየውም።

መደንገጥ እንደነበረብኝ አውቃለሁ። ልቤ ግን እንደወትሮው ነው የሚመታው። ቀስ ብሎ።

ቬርና መጮህ አቁማለች። ሜዳውን አይደለም የምታየው። እኔን ነው።

"ታየህ አይደል?" አለች በሹክሹክታ።

"ምኑ?"

"አትዋሸኝ።"

"...ማነው?"

"አላውቅም። እኔ ያየሁት ክላረንስ የሞተ ዓመት ነው።" ክላረንስ ባሏ ነው። "ከዚያ ወዲህ አይታየኝም። ዛሬም አላየሁትም። ያየሁት ያንተን ዓይን ነው።"

"ምን ያደርጋል?"

"ምንም። ይጠጋል።"

"ከዚያስ?"

"ጄሬል ትዝ ይልሃል? እኔ ጋ ያረፈው..."

"ተቀንሶ ወደ ቤቱ የሄደው?"

"እንደዚያ ነው ያሉት። ሻንጣው ግን እስከ ዛሬ አልጋው ስር ነው። በሳምንቱ እናቱ ደወለች። 'ልጄ ለምንድነው ስልክ የማያነሳው?' አለችኝ።"

እዚህ ሊግ ውስጥ ልጅ ሲጠፋ ማንም አይጠይቅም። ማታ የነበረ ጠዋት የለም። "ተቀነሰ" ይባላል። በቦታው ሌላ ይመጣል።

"አንቺ ምን አደረግሽ?"

"ቁጭ ብዬ አየሁ።" ድምፅዋ ምንም የለበትም። "እንዳንተ።"

ዞሬ አየሁ። ሰውየው አጥሩ ጋ የለም።

ከዊልኪን ጀርባ ነው። እጁን ቢዘረጋ ይነካዋል።

ዊልኪን አይንቀሳቀስም። አንገቱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጓል... ሰው ሲያዋራው እንደሚያዳምጥ።

ተነሳሁ።

ጀግና ሆኜ አይደለም። ፍርሃት እኮ አልነበረኝም፤ ምንም አልነበረኝም። ደረጃውን ወረድኩ። ትንሿን በር ከፍቼ ሣሩ ላይ ገባሁ።

"ጋሽ ሌላንድ! ኧረ ወዴት ነው?" ጥበቃው ከኋላዬ ጠራኝ።

"ቅያሪ ገባ!" አለ አንዱ ከላይ።

"አያቴ፣ ምርኩዝህን ረሳህ!"

ሳቃቸው ይሰማኛል። ትንሽ ስሄድ ራቀ። ከዚያ ጨርሶ ጠፋ። ሙቀቱም ጠፋ። የታጨደው ሣር ሽታም ጠፋ።

ሰውየው ወደ እኔ አልዞረም። ከኮፍያው በታች አገጩ ታየኝ።

ፂም ያላበቀለ፣ የልጅ አገጭ ነው። ልክ እንደ ተጫዋቾቹ።

ከንፈሩ ዊልኪን ጆሮ ስር ይንቀሳቀሳል።

"ዊልኪን።"

አልሰማኝም። እጁን ያዝኩት። ከፍሪጅ እንደወጣ ጠርሙስ ይቀዘቅዛል።

"ና ልጄ። ቤት እንሂድ።"

"ጨዋታው አላለቀም አባባ..." እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ነው የሚናገረው።

"አልቋል።"

"እሱስ?"

"ተወው። እንዳትዞር።"

ጎተትኩት። መጀመሪያ ከበደኝ... ከሌላ ወገን የሚይዘው ያለ ይመስል። ከዚያ ለቀቀ።

ግማሽ መንገድ ላይ ዊልኪን ማልቀስ ጀመረ። የሕዝቡ ጩኸት ተመለሰ። ፀሐይዋ ማጅራቴን አቃጠለችኝ። ፊቴን ስነካው ረጥቧል። እዚያው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ለኮራ አለቀስኩላት።

ቡድኑ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሜዳው እንዳልገባ ከለከለኝ። ዊልኪንን በሳምንቱ ቀነሱት። ኤርፖርት ያደረስኩት ራሴ ነኝ፣ ሻንጣውን ተሸክሜ። ማታ ደወለልኝ፤ የእናቱ የደስታ ጩኸት በስልኩ ውስጥ ይሰማል። አሁን አጎቱ ጋ ሞተር ሳይክል ይጠግናል። ቤዝቦል አይጫወትም። አዝኜለታለሁ፤ ማዘን በመቻሌ ደግሞ ገርሞኛል።

አንዴ ጠየቅኩት። "ምን ነበር የሚልህ?"

"አላስታውስም አባባ" አለ። ከዚያ ስልኩን ዘጋው።

ዘንድሮ ሜዳው አልሄድም ብዬ ነበር። ባለፈው እሁድ ቬርና ጎትታ ወሰደችኝ።

በግራ በኩል አዲስ ልጅ አሰልፈዋል። ከካንሳስ የመጣ ቀይ ጸጉራም። አጥሩን አየሁ። ማንም የለም። ደግሜ አየሁ።

"ይታይሃል?" አለች ቬርና።

"አይታየኝም።"

"እኔም።"

ደስ ሊለን ይገባ ነበር። ግን ሁለታችንም ዓይናችንን ከልጁ ላይ መንቀል አልቻልንም።

ልጁ ሳቀ። ብቻውን።

ወደ ጎኑ ዞሮ አንድ ነገር ተናገረ። መልስ እንደሚሰማ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ፣ ለሌላ ሰው ቦታ እንደሚለቅ፣ ፈቀቅ አለ።

ኳስ የሚይዝበትን ጓንት አወለቀ... ወደ ጎኑ ዘረጋው።

እጁን ሲመልስ ባዶ ነበር። ሣሩ ላይም የወደቀ ነገር አልነበረም።