ምነው አያ

ሰውነት ሲሞት እግሩ ላይ ካልሲ ብቻ ነበር። ጫማው ከድምፅ መቅጃው ክፍል ደጅ በወግ ተቀምጧል። እሱ ውስጥ፣ ቀዩ ምንጣፍ ላይ በግንባሩ ተደፍቷል፤ የማይክ ማቆሚያው ከባድ የብረት እግር ከማጅራቱ አጠገብ ወድቋል። ደሙን ካልቆጠርን ምንጣፉ ንጹሕ ነው። ኢንስፔክተር ዓይናዲስን የከነከናትም ይኸው ንጽሕናው ነው። ወሩ ሐምሌ ነው፤ የጎንደር ቁስቋም ጭቃ ደግሞ የያዘውን ጫማ አይለቅም።

«ገዳዩ ተይዟል» አለ ኮንስታብል አላምረው ደረቱን ነፍቶ። «አስማረ ይባላል፤ የማክሰኝት እህል ነጋዴ ነው። ሚኒባስ ሊሳፈር ሲል ደረስንበት።»

«ጫማው ጭቃ ነበረው?»

«እስከ ቁርጭምጭሚቱ።»

«ታዲያ እዚህ የገባው በክንፉ ነው?»

አላምረው ጎንበስ ብሎ ምንጣፉን አየ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ዓይናዲስ ግን ባልደረባዋን ሰው ፊት አትዘልፍምና ተረቱን በሆዷ ያዘችው።

ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ነው። «ሰባት አምባ» የሚባለው የኢንተርኔት ጌም የሚሠራው እዚያ ነበር። በየአገሩ ያሉ ሰዎች በስልካቸው እየገቡ አብረው የሚጫወቱት ጌም ነው፤ ጀግናው ጎሹ ይባላል፣ የሰሜን ተራራ ጠባቂ። ጎሹን አያ ምንዳዬ የሚባል ታላቅ ወንድሙ ለጠላት አሳልፎ ይሰጠዋል፣ እሱ ግን አይበገርም። ሰዉ የወደደው ይህንን ጎሹን ነው። በሰኔ የመጣው አፕዴት፣ አዲሱ የጌሙ ማሻሻያ፣ ታሪኩን ገለበጠው፤ አገር የሸጠው ከሃዲ ራሱ ጎሹ ሆኖ ቁጭ አለ። ይባስ ብሎ የሰሜኑ ሰው በአንድ ሌሊት የቦሌ ልጅ ሆነና «ምነው» ማለቱን ትቶ «ለምን» ይል ጀመር። መጽሐፍ ቢሆን አሮጌው እትም ከመደርደሪያ አይጠፋም፤ የኢንተርኔት ጌም ግን አንዴ ከተለወጠ አሮጌው ወዴትም የለም። አገሩ ሁሉ የታሪኩን ጸሐፊ ሰውነትን ረገመ። ሰው በተረት እንዲህ ይናደዳል ወይ የሚል ካለ፣ በልጅነቱ ተረት አልተነገረውም ማለት ነው።

አሮጌው የጎሹ ድምፅ የመዝሙር ነበር። መዝሙር የስቱዲዮው ድምፅ ቀጂ የህሩይ ታናሽ ወንድም ነው፤ አምና ድብ ባሕር አጠገብ መኪና ተገልብጦ ሞቷል።

የግቢው ዘበኛ አያ ፋንታሁን በቆርቆሮ መጠለያቸው ሥር ጋቢያቸውን ተከናንበው ዓይናዲስን ጠበቋት።

«ምን ሰሙ፣ አያ ፋንታሁን?»

«ጩኸት ነዋ፣ ልጄ! ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ህሩይ ከቤት ወጥቶ እዚሁ አጠገቤ ተቀምጦ ስለ ጤፍ ዘር እናወጋለን፤ መደማመጥ አቅቶን አፍ ለጆሮ ገጥመናል። ድንገት ከቤቱ ውስጥ ሰው ጮኸ። ‹ምነው አያ! ምነው ጨከንክብኝ? እኔ ባንተ አልጨከንኩ!› አለ። አንጀት የሚበላ ድምፅ ነው።»

«ሰውነት መለሰለት? ግብግብስ ነበር?»

«ኧረ ምንም። ጥርት ያለች ያቺው ድምፅ ብቻ። ኮሽታም የለ።»

«ህሩይ ምን አለ?»

«‹ተወው አያ፣ ያ የማክሰኝቱ ሰውዬ ነው፤ በጌሙ ተናዶ ነው› አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሰውዬው ሲገባ አይቼዋለሁ፤ ሲወጣ ግን አላየሁም። ኋላ ማንያዘዋል ከፎቅ ወርዶ በሩን ሲከፍት ኡኡ አለ።»

ማንያዘዋል የስቱዲዮው ባለቤት ነው። እያወራ ከረባቱን ያስተካክላል።

«እኔ ፎቅ ላይ ጆሮዬን ሸፍኜ ከአዲስ አበባ ሰዎች ጋር በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ፊቴን ሲያዩኝ ነው የዋሉት፤ ጠይቂያቸው።»

«ታሪኩ ይለወጥ ያለው ማን ነው?»

ማንያዘዋል ጣራውን አየ። «እኔ ነኝ። ‹ምነው› እና ‹አያ› እያለ የሚያወራ ጀግና አገር አያዳርስም አሉኝ። አሮጌውን ድምፅም ጌሙ ከሚቀመጥበት ሰርቨር ሙልጭ አድርጋችሁ አጥፉ ብዬ ያዘዝኩ እኔ ነኝ። ስድቡ ግን ሰውነት ላይ ወረደ፤ እኔም ዝም አልኩ።»

«ሰውነትስ ዝም አለ?»

«ደጋፊዎቹን የማስታርቅበት ዘዴ አግኝቻለሁ ብሎኝ ነበር። ምን እንደሆነ አልነገረኝም።»

ሃምሳ ዓመት ያለፈው አስማረ በፖሊስ ጣቢያው አግዳሚ ላይ ዓይኑ አብጦ ተቀምጧል። የ«ሰባት አምባ» ደጋፊዎች አለቃ እሱ ነበር። ከሳምንት በፊት «ጎሹን የገደለ ሰው እጁን ይታጠብ» ብሎ በአደባባይ ጽፏል፤ አላምረው ያችን ጽሑፍ ይዞ ነው የሚፎክረው።

«ምን ልትል ሄድክ?» አለችው ዓይናዲስ።

«ልለምነው። ጎሹን መልስልኝ አልኩት። ልጆቼ ሄደው ቤቱ ጭር ሲልብኝ ማታ ማታ አብሬው የተዋጋሁ እኔ ነኝ፤ ከሃዲ ነበር አትበለኝ አልኩት።» አስማረ አፍንጫውን ጠረገ። «ደጁ ላይ ቆሜ ነው፤ ጭቃ ስለሆንኩ ወደ ውስጥ አልገባሁም። ‹ታገሥ፣ ድምፁን እመልስልሃለሁ› አለኝ። ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። ዘበኛው እንዳያየኝ በጓሮ፣ በፈረሰው አጥር ወጣሁ። ሽማግሌ በጌም ሲያለቅስ ምን ይባላል?»

ዓይናዲስ ዘበኛው የሰሙትን ቃል አንድ በአንድ ነገረችው። አስማረ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«ይኼማ የጎሹ ነው! አያ ምንዳዬ አሳልፎ ሲሰጠው የሚለው ነው! ከበሮ እየተመታ ነው የሚለው፤ ከበሮውና ድምፁ አይለያዩም። አሁን ግን የለም። ዓለምን ብትዞሪ አታገኚውም።»

«ይኸው፣ በቃሉ ያውቀዋል» ብሎ አላምረው በጆሮዋ አንሾካሾከ። ዓይናዲስ አልሰማችውም፤ «አያ» የምትለዋን ቃል በከንፈሯ ታመላልስ ነበር።

የመዝሙር እናት ወይዘሮ ደብሪቱ ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ባለ ቤት ከህሩይ ጋር ይኖራሉ። ጥቁር ነጠላቸው ከጸሐይ ብዛት ወይቧል፤ የልጃቸው ሙት ዓመት ወጥቶም አላወለቁትም።

«ጌሙ አይገባኝም፣ ልጄ» አሉ። «አንዱ ያንዱን አንገት ይቀላል። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ የመዝሙሬን ድምፅ ነበር የምሰማ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ህሩይ ይከፍትልኛል። ከሰኔ ወዲህ በልጄ አፍ ባዳ ገብቶ ያወራል። ፎቶውማ ግድግዳው ላይ አለ፤ ፎቶ አይናገር! ያችን ድምፅ ካጣሁ ምን ቀረኝ?»

«ወንድማማቾቹ ይዋደዱ ነበር?»

«እንዴታ! ህሩይን ‹አያ› እንጂ በስሙ ጠርቶት አያውቅም። ጌሙ ውስጥ ‹አያ› ሲል የሚጠራው ህሩይን ይመስለኝ ነበር።»

ህሩይ ከጓዳ በር ተደግፎ ቆሟል፤ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ እርጋታ ያለው ሰው ነው።

«በወንድምህ ድምፅ መጥፋት ሰውነትን ተቀይመኸው ነበር?»

«ማን ያልተቀየመ አለ? ጩኸቱ ሲሰማ ግን ከአያ ፋንታሁን ጋር ነበርኩ፤ ይጠይቋቸው።»

«ለማስታወሻ እንኳ አንድ ቅጂ አልተረፈህም?»

«ሁሉም ጠፋ።»

ይህን ሲል እጁ ሳያዘው ወደ አንገቱ ሄደ። ማተቡ ጥቁር ክር ነው፤ ከሸሚዙ ሥር ግን ክሩን ወደ ታች የሚወጥር ነገር ታስሮበታል። እናትየዋ መስቀል ይሆናል ብለው ይሆናል። ዓይናዲስ ተሰናብታ ወጣች፤ ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

በማግስቱ ሁሉም በስቱዲዮው ሳሎን ተሰበሰቡ። አስማረ እጁ በካቴና ታስሮ መጣ። ማንያዘዋል ከመስኮቱ ሥር፣ አያ ፋንታሁን ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። ወይዘሮ ደብሪቱን የጠራቸው የለም፤ ህሩይ ሲጠራ ተከትለው መጡ። ዓይናዲስ ወደ ቤታቸው ልትመልሳቸው ሞከረች። «ለሟቹም አላለቀስኩለት» ብለው ተቀመጡ።

«አላምረው፣ ወደ መቅጃው ክፍል ግባ፤ በሩን ዝጋና እስኪበቃህ ጩህ» አለች ዓይናዲስ።

አላምረው ገባ። ዝናብ የለም፣ ነፋስ የለም፤ ሰዎቹ ጆሯቸውን ቢያቆሙም ድምፅ የሚባል አልመጣም። ሲወጣ ላብ አጥምቆታል።

«ጮኽክ?»

«ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ!»

«ግድግዳው በስፖንጅ የተሸፈነ ነው። እዚያ ውስጥ የሚጮኽ ሰው ሳሎን ድረስ ካልተሰማ፣ አያ ፋንታሁን ከግቢው በር፣ በዚያ ዝናብ፣ በቆርቆሮ ሥር ሆነው እንዴት ሰሙት? ስለዚህ ጩኸቱ ከዚያ ክፍል አልወጣም። ትልልቆቹ ስፒከሮች ካሉበት ከማዳመጫው ክፍል ነው የወጣው፤ የሱ መስኮት ወደ ግቢው በር ነው የሚከፈት።»

«ስፒከር?» አለ ማንያዘዋል።

«ቃሉን እንየው። ‹ምነው አያ› ነው የተባለው። አያ ፋንታሁን፣ እርስዎ አያ የሚሉት ማንን ነው?»

«ታላቄን ነዋ! ወንድሜን፣ አጎቴን።»

«ሰውነት ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። እዚህ ያለነው ሁላችን እንበልጠዋለን። ለአስማረማ ልጁ በሆነ ነበር። ጎንደር ላይ የትኛው ሰው፣ የቱንም ያህል ቢናደድ፣ ታናሹን አያ ይላል?»

አያ ፋንታሁን ጭናቸውን መቱ። «እኔ ጅሉ! ቃሉን ሰምቼ ነገሩን አልሰማሁት!»

«ስለዚህ ያ ቃል ለሰውነት የተባለ አይደለም። ጎሹ ለአያ ምንዳዬ የሚለው ነው። ከሰርቨሩ ጠፍቷል። ምናልባት አንድ ተጫዋች ከስልኩ ቀድቶ አስቀርቶት ይሆናል ብዬ ነበር። ግን አስማረ እንዳለው ጌሙ ውስጥ ከበሮውና ድምፁ አይለያዩም፤ ከተጫዋች ስልክ የተቀዳ ቢሆን ከበሮው አብሮ በተሰማ። አያ ፋንታሁን የሰሙት ድምፅ ብቻውን ነው። ከበሮ ሳይጨመርበት ድምፁን ብቻ ይዞ ሊያስቀር የሚችለው ራሱ የቀዳው ሰው ነው።»

ማንም ወደ ህሩይ አልዞረም፤ ለመዞር ፈርተው ነው። ወይዘሮ ደብሪቱ ብቻ አንዴ ዓይናዲስን፣ አንዴ ልጃቸውን ያያሉ።

«የመጨረሻው ምንጣፉ ነው» አለች ዓይናዲስ፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «ኮቴ ስለሚቀዳ እዚያ ክፍል በጫማ አይገባም። ተናዶ የመጣ እንግዳ ይህን አያውቅም፣ ቢያውቅም ትዝ አይለውም። ገዳዩ ጫማውን ደጅ አውልቆ ነው የገባው፤ ሊገድል አስቦ ሳይሆን ለሥራ ተጠርቶ። ከገደለ በኋላ፣ ጩኸቱ ሲሰማ ራሱ ደጅ እንዲታይ፣ በኮምፒውተሩ ላይ ረጅም ዝምታ አስቀደመና ከዝምታው ኋላ ያቺን ድምፅ አኖረ። ጫማውን አድርጎ ከዘበኛው ጋር ስለ ዘር ሊያወጋ ወጣ። ሰው ሁሉ ኡኡ ሲል ደግሞ ተመልሶ ከኮምፒውተሩ አጠፋት። ህሩይ፣ ቅጂዋን ይዞ ከማተብህ ጋር ያሰርከውን ፍላሽም ወንዝ ብትጥለው እኔ ምንም ማስረጃ አልነበረኝም። ምነው አልጣልከው?»

ህሩይ እጁን ወደ ሸሚዙ ሥር ሰደደ። ከዚያ ማተቡን ሳይበጥስ ፍላሹን ከክሩ ፈታና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ሌላ የለማ» አለ። «እሷን ከጣልኩ መዝሙር የለም።»

«ሰውነት ምን አደረገህ?»

«ደስ ሊያሰኘኝ ነው የጠራኝ። ከሰርቨሩ ሳይጠፋ በፊት የወንድሜን ድምፅ ለኮምፒውተር አስተምሮት፣ አዲሱን ታሪክ በሱ ድምፅ አስነበበው። ‹አገሬን የሸጥኩ እኔ ነኝ፤ ለምን ትደነቃላችሁ› ይላል፣ በመዝሙር ድምፅ። መዝሙር በሕይወቱ ‹ለምን› ብሎ አያውቅም። ሰውነት እየሳቀ ‹ደጋፊዎቹም ታረቁ፣ እናትህም እሑድ ትሰማዋለች፤ ደስ አይልም?› አለኝ። እማ ቁጭ ብላ ይህንን ስትሰማ ታየኝ። ብረቱን መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም። የኮምፒውተሩን ድምፅ አጥፍቼዋለሁ፤ ማንም አይሰማውም።»

አላምረው የአስማረን እጅ ፈታ። አስማረ ነፃ በመውጣቱ አልተደሰተም፤ ፍላሹን እያየ እንደገና ማልቀስ ጀመረ፣ በዚህ ጊዜ ሰው ፊት።

«ክፈቱልኝ» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ።

ማስረጃ እንደተገኘ ይታሸጋል፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ዓይናዲስ ደንቡን አሳምራ ታውቀዋለች። ፍላሹን ለማንያዘዋል ሰጠችው፤ እሱም ከሳሎኑ ስፒከር ጋር አገናኘው።

እናትየዋ እንደ እሑዱ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ምነው አያ! ምነው ጨከንክብኝ? እኔ ባንተ አልጨከንኩ!»

ህሩይ መሬት ላይ ተቀመጠ። ድምፁ አለቀ። ወይዘሮ ደብሪቱ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ተናገሩ።

«ህሩይ፣ ወንድምህ ይጠይቅሃል። ምነው አትመልስለትም?»

ዓይናዲስ ፍላሹን በፖስታ አሽጋ ፈረመችበት፤ እስከ ዛሬም በፍርድ ቤት ካዝና ተቆልፎ ነው ያለው። ወይዘሮ ደብሪቱ አሁን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የሚሄዱት ወደ ማረሚያ ቤት ነው።