የሐምዳን ፊትና «ሹዋ» የተባለው ስም

መምህር ሐምዳን ከላሞቹ መሃል፣ ቢምቢ ለማባረር ከሚጨሰው ኩበት አጠገብ ሞቶ ሲገኝ፣ የመንደሩ ዓይን ሁሉ ያረፈው በእንግዳው በቡከር ላይ ነበር። ሁሉም ከከብቶቹ ጋር ካደሩበት ትልቅ ክብ ቤት ምሰሶ ጋር አሰሩት። ከቻድ ሐይቅ የገነፈለው ውሃ መንደሩን ከብቦታል፤ ጀልባ የለ፣ መውጫ የለ። ከመንደሩ አረቦች መሃል የጎረቤቱ የካኑሪ ሕዝብ ሰው እሱ ብቻ ነው።

«ማታ እሱና ሐምዳን ሲጨቃጨቁ ሰምታችኋል!» አለ የሟች ታናሽ ወንድም ድራር፣ ጥምጥሙን እስከ ዓይኑ እንደጠቀለለ። «ደም በደም ነው። ምን እንጠብቃለን?»

«አንተ ልጅ፣ ቀስ በል» አሉ ሃጃ ከልቱማ። ጎሳውን የሚያስታርቁ፣ ነገር ከሥሩ ካልመዘዙ እንቅልፍ የማይወስዳቸው አሮጊት ናቸው። «በምን ተጣላችሁ፣ ቡከር?»

«ኧረ አልተጣላንም፣ እናቴ! እንግሊዞች አረብኛችሁን ‹ሹዋ› ያሉት ከየት አምጥተው ነው ስንባባል ነው። ሐምዳን ከካኑሪዎች አፍ የወሰዱት ነው አለ፤ እኔም የምለው ያንኑ ነው። በአረብኛ በግ ከሚለው ቃል የመጣ ስም ነው ብሎ የጮኸው ድራር ነው።»

«ነዋ! አባታችን ያስተማረን እሱን ነው። ታዲያ ሐምዳን ስማችሁን ጎረቤት ነው ያወጣላችሁ ብሎ ለልጆች መማሪያ መጽሐፍ ይጻፍ?» አለ ድራር።

ሃጃ አስከሬኑ ላይ ጎንበስ አሉ። ማጅራቱ ተፈንክቷል፤ ፊቱና ክንዱ በቢምቢ ንክሻ አባብጧል።

«ፊቱ ማታም እንዲህ ነበር?»

«ኧረ ንጹሕ ነበር» አለች ሚስቱ እያለቀሰች።

ሃጃ ቀና አሉ።

«እንግዲህ ስሙኝ። ጭስ ካለበት ቢምቢ አይደርስም። ሬሳ ደግሞ ቢነከስ አያብጥም። ሐምዳን ተመትቶ፣ ነፍሱ ሳትወጣ ውጭ ብዙ ቆይቷል። አጠገቡ የቆየም ሰው አለ፤ ወደ ጭሱ ያመጣው እሱ ነው። የቡከርን ፊት እዩት፣ አንድ እባጭ የለውም። በሉ ሁላችሁም ጥምጥማችሁን ፍቱ።»

ሁሉም ፈታ። ድራር ብቻ ቀረ።

«ብርድ ይዞኛል» አለ።

ሃጃ በገዛ እጃቸው ፈቱት። ፊቱ እንደ ወንድሙ አባብጧል።

«ገፋሁት እንጂ ልገድለው አልነበረም!» ድራር ተንበረከከ። «የበረቱ ግንድ ላይ ወደቀ። ሰው ብጠራ ይነግርብኛል ብዬ ፈራሁ።»

የቡከርን ገመድ ፈቱለት። ለመሮጥ ቋመጠ፤ ውሃው ግን እንዳለ ነው። እስኪጎድል ድረስ ሁሉም ከድራር ጋር እዚያው ቤት ሊቀመጡ ነው።

«ሐምዳን ምንም አላለህም?» አሉ ሃጃ።

«‹ቢምቢው በላኝ፣ ጭሱ ጋ አድርሰኝ› አለኝ።» ድራር ወንድሙን ማየት አልቻለም። «አደረስኩት። ግን ከሞተ በኋላ ነው።»